ኖራ ከችግኝ ይቀድማል

ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የደብረ ማርቆስ ደጋ እንደ አፕልና ፕለም ላሉ ብርድ ለሚሹ የፍራፍሬ ዛፎች የሚስማማ የአየር ጠባይ ቢኖረውም፣ የዛፉን ዕጣ የሚወስነው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ሥሩ የሚያርፍበት አፈር ኬሚካዊ ባሕርይም ነው።

በአካባቢው በሰፊው የሚታየው ቀይ አፈር ለረጅም ዘመን ከባድ ዝናብ ሲወርድበት የኖረ በመሆኑ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ንጥረ ነገሮች ታጥበው ሲሄዱ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ቦታቸውን ስለሚይዙ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ሰብሉ በየዓመቱ ከነገለባው ከማሳ መነሣቱና እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎች ሳያቋርጡ መጨመራቸውም ሁኔታውን ያባብሱታል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል።

አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች በአንድ ቁጥር መውረድ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። አፕል ከ6 እስከ 6.5 ባለው አፈር ሲመቸው፣ መጠኑ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ችግኝ ተነቅሎ ቢታይ ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ሆኖ፣ ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ጎድለውት ስለሚገኝ፣ በጋው ሲጠና ቀድሞ ይጠወልጋል። ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ማዳበሪያ ቢጨመርም ዛፉ የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የካልሲየም እጥረት ደግሞ በአፕሉ ፍሬ ላይ ቡናማና ጎድጎድ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

መድኃኒቱ በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ ከሚገኘው ዓይነት የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ የሚዘጋጀው የግብርና ኖራ ነው። ይሁን እንጂ ኖራ ከተበተነበት ቦታ ወደ ታች የሚወርደው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ በቀጣዩ እርሻ ሊያርመው የሚችለውን ጉድለት፣ ለብዙ ዓመታት ከቦታው የማይነቃነቅ ዛፍ የተከለ ሰው ሥሩን ሳይጎዳ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ኖራው ከተከላ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ከጉድጓዱ አፈር ጋር ብቻ ሳይሆን ሥሩ ወደፊት ከሚዘረጋበት መሬት ጋር ጭምር መደባለቅ አለበት፤ በሚገባ የበሰለ ፍግና ኮምፖስትም አሉሚኒየሙን አስሮ በመያዝ ጉዳቱን ያቃልላሉ።

ኖራ ሲበዛ ብረትና ዚንክ ለዛፉ ስለማይደርሱ ለጋ ቅጠሎቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ እንደ ቢቸና ባሉ አካባቢዎች በሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዛፉን የሚያውከው አሲድ ሳይሆን ሥሩን አየር የሚያሳጣው የክረምት ውኃ በመሆኑ፣ በዚያ የሚቀድመው ውኃውን ማንጣፈፍ ነው። አንዱ አፈር የሚሻው ለሌላው ጉዳት ሊሆን ስለሚችል፣ ለችግኝ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አፈሩ በቤተ ሙከራ ሊመረመር ይገባል።