ይቆይ ወይስ ይውጣ? ማዮማና የአርባዎቹ ዕድሜ በደቡብ ጎንደር

ማዮማ ካንሰር አይደለም። ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ አንዱ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፣ ሌላው አድጎ እምብርት ድረስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዋሽንግተን ከተማ ሴቶችን በአልትራሳውንድ መርምሮ ነበር። በግምቱ መሠረት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ማዮማ ይኖራቸዋል። ብዙዎቹ ሕመም ስለማይሰማቸው መኖሩንም አያውቁም። እናም አንዲት የ45 ዓመት እናት ለኩላሊት ወይም ለሆድ ቁርጠት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገብታ በአልትራሳውንድ «ማዮማ አለሽ» ብትባል፣ የሰማችው ዜና ብቻውን ቢላ የሚያስመዝዝ አይደለም።

መውለድ ማዮማን እንደሚቀንስ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። በአገራችን ከሁሉም የወሊድ መከላከያ በላይ የሚወሰደው የሦስት ወሩ መርፌም እንዲሁ። ስድስት ሰባት ልጅ ከወለደች የፋርጣ ገበሬ ይልቅ ዘግይታ ያገባች ወይም ያልወለደች የከተማ ሠራተኛ ለማዮማ የቀረበች ናት ማለት ነው። ይሁንና ብዙ የወለደችውም ነጻ አይደለችም፤ የእሷ ችግር ምልክቱን ከልፋት ድካም ለይታ ሳታውቀው ዓመታት ማለፋቸው ነው።

በዚህ ዕድሜ ውሳኔውን ከሌላው ጊዜ የሚለየው ማረጥ መቃረቡ ነው። ማዮማ የሚያድገው በሴት ሆርሞኖች ስለሆነ የወር አበባ ሲቋረጥ እድገቱ ይቆማል፣ ይኮማተራልም። የ32 ዓመት ሴት ፊት ለፊቷ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ የወር አበባ አለ፤ የ47 ዓመቷ የቀራት ምናልባት ሦስት አራት ዓመት ነው። ስለዚህ ለእሷ ጥያቄው «ዕጢውን እንዴት ላጥፋው?» ሳይሆን «እስከዚያ ድረስ በደህና መድረስ እችላለሁ ወይ?» ነው። መልሱን የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዕጢው ስፋት ሳይሆን የሚፈሰው ደም መጠን ነው። ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ የገባ ትንሽ ማዮማ ሴትን አልጋ ላይ ሊጥላት ይችላል፤ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ትልቅ ማዮማ አንዲት ጠብታ ደም ላያስፈስስ ይችላል። በሐኪም ቤት ኮሪደር ግን ሁሉም የሚጠይቀው «የስንት ሳምንት እርግዝና ያክላል?» ብሎ ነው።

ደሙን እንመልከት። ከሰባት ቀን በላይ የሚቆይ፣ የረጋ ደም የሚጥል፣ በየሰዓቱ ጨርቅ ወይም ሞዴስ የሚያስቀይር የወር አበባ ከመጠን ያለፈ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው የሚያወሩት ግን ስለ ደሙ አይደለም፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ ልባቸው እንደሚመታ፣ ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ነው። ደም ማነስ ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ደግሞ የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባ፣ በወር አሥራ አምስት ቀን የሚደማት እናት ክብረ በዓሉን ከቅጥር ውጭ ቆማ ታሳልፋለች። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን የወንጌሏን ሴት የማያውቅ የለም፤ ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒት እንደ ጨረሰችም እዚያው ተጽፏል። ይህን ሸክም በካርድ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ግን ብዙ አላየሁም።

ደጋው እዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ያሉት ቀበሌዎች ከዚያም ይበልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ላልጸነሰች ሴት የሄሞግሎቢን ዝቅተኛ ልክ በዴሲ ሊትር ደም 12 ግራም ሲል የቆላውን ሰው አስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያመርት፣ ድርጅቱ ለረጅም ዘመን ሲጠቀምበት የኖረው ሠንጠረዥ 2,500 ሜትር ላይ 1.3 ግራም ይጨምራል። በዚህ ስሌት 12.5 ያላት የደብረ ታቦር ሴት ደም አንሷታል። ነገሩ ግን የአገራችንን ደገኛ ሲነካ ይወሳሰባል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክተው እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት፣ የእነዚህ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪ ከፍ አላለም፤ የሴቶቹ አማካይ 15 ግራም ነበር። ስለዚህ ጭማሪው ለኛ ሰው ልክ ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። የእኔ ፍርድ ቀላል ነው፤ በሁለቱም መንገድ ቢታይ፣ በየወሩ አሥር ቀን የሚደማትን ደገኛ ሴት 12.1 አገኘሁ ብሎ «ደምሽ ደህና ነው» ማለት አይገባም።

የብረት ክኒን የሕክምናው ሁሉ መነሻ ነው፣ ርካሽም ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ሆድ ካስቸገረ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም ይሠራል። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሆንም፤ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ያስፈልገዋል፣ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ይህ ትንሽ ትእዛዝ አይደለም። የጾሙ ወራት ሥጋን ስለሚያስቀሩ፣ የደጋው ገበታም ከገብስና ከድንች ብዙ ስለማይርቅ፣ በምግብ ብቻ የጠፋውን ደም መመለስ ይከብዳል። የደሙ መፍሰስ ካልቆመ ደግሞ ክኒኑ ብቻውን የሚፈስ እንስራ መሙላት ነው።

መፍሰሱን ለመቀነስ ከቢላ በፊት ብዙ መንገድ አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ክኒን ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ ይወሰዳል። አይቡፕሮፌን ሕመሙንም ደሙንም በመጠኑ ይቀንሳል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይሠራል፤ ማዮማው የማህፀኑን ውስጥ ካጣመመው ግን ሉፑ ሊወጣ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌ በየጤና ጣቢያው ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የተዘበራረቀ ደም ሊያሳይ እንደሚችል አስቀድሞ ካልተነገራት ሴትየዋ በሁለተኛው ቀጠሮ አትመለስም። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 አሜሪካ የፈቀደቻቸው አዳዲስ ክኒኖች፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቁት የዕጢውን ደም ሥር የመዝጋት ሕክምናም አሉ፤ ለደቡብ ጎንደር ሴት ግን ዛሬ የወሬ ያህል ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የማይዘለል ነገር አለ። በአርባዎቹ ውስጥ የተዛባ ደም ሁሉ ከማዮማ አይመጣም። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኝ ነው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ምርመራው በጤና ጣቢያ ይሰጣል። የማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋንም ሊወፍር ስለሚችል፣ ከ45 ዓመት በኋላ ደሟ ለተዛባባት ሴት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ ትንሽም ቢሆን መመርመር አለበት። «ማዮማው ካንሰር ይሆናል» የሚለው ማስፈራሪያ ግን ልክ የለውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ማዮማ ነው ተብለው ቀዶ ከሚደረግላቸው 350 ሴቶች በአንዷ ላይ ካንሰር ሊገኝ ይችላል ብሎ ገምቷል፤ ከዚያ ያነሰ ግምት የሰጡም አሉ። ከማረጥ በኋላ ማደጉን የቀጠለ ዕጢ ግን ያሳስባል።

ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው ደሙ በመድኃኒት አልቆም ሲል፣ ወይም ዕጢው ፊኛና አንጀትን ሲጫን ነው። ዕጢውን ብቻ ማውጣት ልጅ ለሚፈልጉ የተሻለ ነው፤ ማዮማው ግን ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። መውለድ ላቆመችና ማረጥ ገና ለራቃት ሴት ማህፀኑን ማውጣት ነገሩን ይዘጋዋል። በመንደሩ የሚፈራው «ባዶ ትሆናለች፣ ለባሏም አትሆንም» መባል ነው። እንቁላል አመንጪዎቹ እስካልወጡ ድረስ ሆርሞኑ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፣ ሴትነቷም የትም አይሄድም፤ ይህን ባልም አማትም አብረው ቢሰሙት ጥሩ ነው፣ ፊርማው ግን የራሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ከብት ማሰር የለም። ሐኪሙ የሚሰጠው ቀን ክረምት ወይም አጨዳ ላይ ከዋለ ሴትየዋ እሺ ብላ ትወጣለች፣ አትመጣም። እህሉ ገብቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ልጅ ወይም እህት ቤት ልትውል የምትችለው ከጥር በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ ሄሞግሎቢኗን ለመጠገንም ይበቃል፤ ደሟ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ የምትወጣ ሴት የሌላ ሰው ደም ያስፈልጋታል። ዐቢይ ጾም ከገባ የንስሐ አባቷን ማነጋገር ነው፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይራራል። ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወይም ወደ ጠበል የምትሄድም የብረት ክኒኗን ይዛ ትሂድ፤ ደም ያነሳት ሰው ግን በፍል ውሃ ብዙ ከቆየ ሊወድቅ ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። አባል የሆነች ሴት ከጤና ጣቢያ ተነሥታ በሪፈር ወረቀት ደብረ ታቦር፣ ካስፈለገም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትደርሳለች። ደረጃውን ዘልላ ከሄደች ከኪሷ ትከፍላለች፤ በሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋ መድኃኒትም ከውጭ ይገዛል። መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ምክንያት ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ለዚህ ነው በጤና ጣቢያው የሚቻለው ሁሉ፣ ብረቱም፣ መርፌውም፣ የማህፀን በር ምርመራውም፣ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ማለቅ ያለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ይረሳል። የወጣው ማህፀን ወይም ዕጢ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ ውጤቱ ሲመጣ ሴትየዋ ጋይንት ወይም እብናት ተመልሳለች። ከሆስፒታሉ ከመውጣቷ በፊት ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጠይቃ፣ የእሷ ስልክ ኔትወርክ የማይይዝ ከሆነ የልጇን ወይም የጎረቤቷን ቁጥር ካርዷ ላይ ማስጻፍ አለባት።