የቀድሞ የቤት ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ኃይል ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሸጡ የቤት ኮምፒውተሮች በዚህ ረገድ አንድ ወጥ ደንብ አልነበራቸውም። ፕላጋቸው ቢመሳሰል እንኳ ቮልቴጃቸው፣ የጅረቱ ዓይነትና ዋልታው ይለያያል። ስለዚህ የአንዱን ለሌላው መጠቀም ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ሁለቱ ዓይነቶች

ሊኒየር ፓወር ሰፕላይ በከባድ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያም በዳዮድ ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ይለውጠዋል። ሬጉሌተር የተባለው ክፍል ትርፉን ወደ ሙቀት ለውጦ ቮልቴጁን በ5 ቮልት ላይ ያጸናዋል። ለምሳሌ 9 ቮልት ወደ 5 ሲወርድ 1 አምፔር የሚያልፍ ከሆነ 4 ዋት በሙቀት መልክ ይባክናል።

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ የግድግዳውን ኃይል በመጀመሪያ ወደ ዲሲ ለውጦ በየሴኮንዱ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ትራንስፎርመሩ ትንሽና ቀላል ነው፤ የሚባክነውም ሙቀት አነስተኛ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ውስብስብ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ቮልቴጅ ሊይዙ ይችላሉ።

ንጽጽር

* አፕል 2 (1977)፦ ሮድ ሆልት የነደፈው ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ በኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። +5፣ −5፣ +12 እና −12 ቮልት ዲሲ ይሰጣል። ብዙ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ያለ ማቀዝቀዣ ፋን ይሠራል።
* ዜድ ኤክስ ስፔክትረም (1982)፦ ከውጭ 9 ቮልት ዲሲ ይቀበላል፤ ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ሬጉሌተር በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። የፕላጉ መካከል አሉታዊ (−) ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ አዳፕተሮች ግን መካከላቸው አዎንታዊ (+) ነው።
* ኮሞዶር 64 (1982)፦ ከውጭ ሁለት ዓይነት ኃይል ይቀበላል፤ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት)። ለምስልና ለድምፅ ቺፖች የሚያስፈልገው 12 ቮልት ከ9 ቮልቱ ይገኛል።
* አታሪ 800ኤክስኤል (1983)፦ 5 ቮልት ዲሲ ብቻ ይቀበላል። እንደ ኮሞዶር 64 ባለ 7 ፒን ክብ ፕላግ ቢጠቀምም ሁለቱ አይለዋወጡም።
* አሚጋ 500 (1987)፦ ከውጭ +5፣ +12 እና −12 ቮልት ዲሲ ይቀበላል።

የብልሽት መንስኤ

የኮሞዶር 64 ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ በደረቀ ሙጫ መሰል ነገር ተሞልቶ የተዘጋ ስለሆነ ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም፤ ሊጠገንም ያስቸግራል። ሬጉሌተሩ ሲያረጅ መሣሪያው ኃይል መስጠቱን ከማቆም ይልቅ ከ5 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ በተለይ የማስታወሻ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። በስፔክትረም ግን ሬጉሌተሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አዳፕተሩ የሚመጣው ቮልቴጅ መጠነኛ ለውጥ ቢያሳይ በቀጥታ ቺፖቹ ላይ አይደርስም። በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ቀድመው የሚበላሹት አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሮች ናቸው።

ከመጠቀም በፊት

የ5 ቮልቱ መስመር በመልቲሜትር ሲለካ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ሆኖም ብልሽቱ መሣሪያው ሲሞቅ ብቻ ሊታይ ስለሚችል አንድ ጊዜ መለካት በቂ ዋስትና አይሆንም። ምትክ ሲመረጥ ቮልቴጁ፣ የጅረቱ ዓይነትና ዋልታው ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። አምፔሩ ግን ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነውና። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመር በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።