በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም በስም የተፈቀደ ይሁን

ገንዘብ ያዥ የካዝናውን ቁልፍ ለመንገደኛ አይሰጥም፤ የማኅተም ጠባቂም ሣጥኑን ክፍት ትቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህ ጥንቃቄ ከአባቶቻችን ጀምሮ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን የገንዘቡ ሒሳብ፥ የመሬቱ መዝገብ፥ የሠራተኛው ማኅደርና የበሽተኛው ታሪክ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ሳለ፥ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሰው ሁሉ ከየትም ያመጣውን ፕሮግራም ሲጭን ማን ፈቀደልህ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ከማዘን አስቀድሞ መመካከር ይሻላልና፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ባሕር ዳር የአማራ ክልል መንግሥት መቀመጫ እንደ መሆኗ መጠን፥ የክልሉ ቢሮዎች፥ ባንኮች፥ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት የሚገኙባት ከተማ ናት። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ፤ ደብዳቤውም ማስረጃውም በፍላሽ ከቢሮ ወደ ሱቅ፥ ከሱቅ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ይውላል። ያልታወቀ ፕሮግራም ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባበትን መንገድ ለመረዳት ግን ከአማርኛ ጽሕፈት የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ኮምፒዩተር ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የግዕዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ስለዚህ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በአገር ልጆች ተሠርተው ትልቅ ችግር አቃለሉ። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ዋጋውን ከፍሎ ሳይገዛ ሲቀር፥ ደብዳቤውም ለነገ የማይባል ሲሆን፥ ጸሐፊው ፕሮግራሙን ከወዳጁ ወይም ከሱቅ በፍላሽ ገልብጦ ያመጣዋል። ከእርሱም ጋር የፈቃዱን ቁልፍ የሚሰብር፥ ክራክ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ይህ ክራክ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጸረ ቫይረሱን አጥፋ ብሎ ያዛል። እንግዲህ ጸሐፊው ሥራውን ሊፈጽም ብሎ ዘበኛውን በገዛ እጁ አሰናብቶ፥ ለማያውቀው እንግዳ በሩን ከፈተ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊውን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ መሣሪያውን ሳይሰጥ ሥራውን የጠየቀ አለቃ ከበደሉ ተካፋይ ነውና።

በዚህ መንገድ የሚገባው ጉዳት ቀላል አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም ተነሥቶ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ፋይሉንም ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞቻቸውን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን እድሳት ሁለት ወር ያህል ቀድሞ በመጋቢት አውጥቶ ነበር። የተጎዳው ያላደሰው ነው። ያለ ፈቃድ በተገለበጠ ቅጂ የሚሠራም ሰው እንዳይታወቅበት ሲል እድሳቱን ስለሚዘጋው፥ ከእንዲህ ያለው አደጋ ፊት ራቁቱን ይቆማል።

ይህ ነገር ለቤተ ክህነትም ሰዎች ባዕድ አይደለም። የጣና ደሴቶች ገዳማት በመከራ ዘመን ከሌላ ስፍራ የሸሸውን ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ ጠብቀው አቆይተዋል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ሊቅ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን በማይክሮፊልም አነሣ። ዛሬ የብራና መጽሐፍ ሥዕል የሚቀመጠው በኮምፒዩተር ነው። ብራናን ብልና እሳት ያጠፋዋል፤ በኮምፒዩተር ያለውን ሥዕል ግን አንድ ክፉ ፕሮግራም በአንዲት ሌሊት ቆልፎ የማይነበብ ያደርገዋል።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክፉዎቹን ስም መዝግቦ እነርሱን መከልከል ነው፤ ጸረ ቫይረስ በአመዛኙ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ነገር ግን በየቀኑ አዲስ ክፉ ፕሮግራም ስለሚወለድ መዝገቡ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የተፈቀዱትን በስም ቆጥሮ፥ ያልተቆጠረውን ሁሉ ማገድ ነው። ይህ ሁለተኛው ለሊቃውንቱ አዲስ ትምህርት አይሆንባቸውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸውን ቅዱሳት መጻሕፍት 81 ብላ ትቆጥራለች፤ ምንም እንኳ በአቈጣጠሩ ላይ ሊቃውንቱ ቢነጋገሩ፥ ሥርዓቱ የቆመው በተቀበለችው ቍጥር ላይ ነው። በዓለም የሚጻፈውን የስሕተት መጽሐፍ ሁሉ እየተከተለ ልመዝግብ የሚል ሰው ቢኖር ዕድሜው አይበቃውም።

ኮምፒዩተሩ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው የሚለይባቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ስፍራ ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም፥ ሠራተኛው በዚያ ስፍራ የፈለገውን ማስገባት ከቻለ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የሠሪው ድርጅት ማኅተም ነው፤ ፕሮግራሙ ቢታደስም ማኅተሙ ስለሚታወቅ ለሥራ ይመቻል። ሦስተኛው አሻራው ነው። ቍም ጸሐፊ የገለበጠው ብራና ከአብነቱ ጋር ተያይቶ እንደሚታረም፥ ኮምፒዩተሩም የፕሮግራሙን ይዘት በሒሳብ አስልቶ አሻራ ያወጣለታል፤ አንዲት ምልክት እንኳ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ይህ እጅግ የታመነ ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በታደሰ ቍጥር አሻራውን እንደገና መመዝገብ ግድ ነው። በዊንዶውስ ላይ አፕሎከር የተባለው መሣሪያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስቱም መንገድ ይሠራል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም በ2008 ዓ.ም. ስለዚሁ አሠራር መመሪያ አውጥቷል፤ የአውስትራሊያ መንግሥትም ዋና ብሎ ከቈጠራቸው ስምንት ጥበቃዎች አንዱ ይኸው ነው።

አስቀድሞ መከልከል ኋላ ከመንቀል እንዴት እንደሚቀል የጣና ዳር ሰው ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ በተነገረ ጊዜ ጥቂት ስፍራ የያዘ አረም ነበር። ኋላ ግን ተስፋፍቶ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁ ሲነቅል፥ ማሽንም መጥቶ ሲያጭድ ዓመታት አለፉ፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዘመን ሳይሞት ስለሚቆይ የተነቀለበት ስፍራ ተመልሶ ይለመልማል። ክፉ ፕሮግራምም በመሥሪያ ቤት መረብ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተዘራ ጠባዩ እንደዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ የተፈቀደ ሁሉ ለዘላለም የታመነ ነው ማለታችን አይደለም። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን የተስፋፋው፥ ሕጋዊ በሆነ የሒሳብ ፕሮግራም እድሳት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት የላከው ስሕተት ያለበት እድሳት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን አቆመ። በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን ሁላችን እናስታውሳለን፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እክል እንደሆነ ገልጿል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሒሳባቸው በላይ የወሰዱ ሰዎች ያወጡት ገንዘብም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ተነግሯል። ስለዚህ እድሳት ሁሉ አስቀድሞ በጥቂት ኮምፒዩተሮች ላይ ተፈትኖ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ ሊሄድ ይገባዋል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም እንደ ድርሰት ይጠብቀዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል በአዋጅ ቍጥር 958/2008፥ የሰዎች የግል መረጃ ጥበቃም በአዋጅ ቍጥር 1321/2016 ተደንግጓል። እንግዲህ የባለ ጉዳይን መረጃ የያዘ መሥሪያ ቤት በተሰረቀ ፕሮግራም ሲሠራ ቢገኝ፥ አላወቅሁም ማለት የሚያድነው አይመስለንም።

አሁን ምን ይደረግ ቢሉ፥ ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያ በየኮምፒዩተሩ ያለውን ፕሮግራም መቍጠር ነው። ሁለተኛ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣንን ከሠራተኛው ሁሉ እጅ አንሥቶ ለተሾመ ባለሙያ መስጠት ነው። ሦስተኛ ለሒሳብ ክፍሉ፥ ለመዝገብ ቤቱና ለጽሕፈት ክፍሉ የሚያስፈልገውን ለየብቻው ጽፎ ማጽደቅ ነው። አራተኛ እገዳው ከመጽናቱ በፊት ጥቂት ሳምንት ኮምፒዩተሩ ሳያግድ እንዲመዘግብ ብቻ ማድረግ ነው፤ ተረስቶ የቀረ አስፈላጊ ፕሮግራም ሁሉ በዚህ ይታወቃል። አምስተኛ የዋናውን መረጃ ቅጂ ከመረቡ ተለይቶ በሚቀመጥ ስፍራ መጠበቅ ነው። የሚያማክር ቢያስፈልግ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚሁ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አለ። በባሕር ዳርም በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ የዘር ሐረጉን የሚቈጥረው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሩ ልጆችን ያወጣል።

አንዳንድ ሰዎች፦ ይህ ሥራ ያዘገያል፥ ሠራተኛውም ለእያንዳንዷ ነገር ደጅ ሊጠና ነው ይላሉ። ነገሩ እውነት አለበት። ፈቃድ ጠይቆ ወር የሚጠብቅ ሠራተኛ ወደ ፍላሹ መመለሱ አይቀርም፤ ክልከላውም በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚጠብቀው ሰው በስም ይታወቅ፤ ለጠያቂው ይሁን ወይም አይሁን የሚልበት ቀንም ይወሰንለት። አይሁን ባለ ጊዜ ደግሞ በምትኩ የሚሠራበትን ያመልክት። ለአማርኛ ጽሕፈት እንኳ ዊንዶውስ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የግዕዝን ፊደል ይዞ ስለሚመጣ፥ ጸሐፊው የሚሰርቅበት ምክንያት ሊቀርለት ይችላል፤ የለመደውን መተው ቢያስቸግረው ግን መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱን ገዝቶ በዝርዝሩ ውስጥ ያግባለት።

የአንድ መሥሪያ ቤት የተፈቀደ ፕሮግራም ዝርዝር በጥቂት ገጽ ይጻፋል። የበላዩ ሹም ይፈርምበት፤ በየስድስት ወሩም ይታይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፥ በዚህ ትንሽ ድካም የሕዝብ መዝገብ የሚድን ስለ ሆነ፥ ሹማምንቱም የቤተ ክህነት አስተዳዳሪዎችም ነገሩን ለሌላ ቀን እንዳያሳድሩት እናሳስባለን።