ኮርኒሱ ላይ ምን ይነጠፍ? ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ገዝቶ የሚኒሶታን ወይም የኮሎራዶን ብርድ የቀመሰ ሰው፣ የጋዝ ሂሳቡ ሲደርሰው ቀና ብሎ ኮርኒሱን ማየቱ አይቀርም። መካሪ ደግሞ ሞልቷል፤ በእድሩም በልደቱም ድግስ የአቲክ ሊቅ አይጠፋም። የሚያሳዝነው ከምክሩ ብዙው ጣሪያ የሚያበሰብስ መሆኑ ነው። እዚህ የምናየው የተለመደውን አሠራር ነው፤ የሙቀት መከላከያው ከኮርኒሱ ላይ ይነጠፋል፣ ከዚያ በላይ ያለው አቲክ ደግሞ ነፋስ እየገባው ቀዝቅዞ ይከርማል።

ተረት፦ ቤቱ የሚበርደው መከላከያው ስለሳሳ ነው፤ ወፍራም ካስነጠፉ አለቀ።

እውነታ፦ ውፍረት ሁለተኛው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ መድፈን ነው። የተለመደው መከላከያ፣ ፋይበርግላስ፣ አየር አያቆምም። አሮጌ ፋይበርግላስ ገልጠው ቢያዩ እዚህም እዚያም የጠቆረ ቦታ ያገኛሉ። ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቤት የወጣው አየር ሲያልፍ ጥሎት የሄደው አቧራ ነው። ከሥሩ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የመብራት ሳጥን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በግድግዳው አናት የሚያልፍበት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ዙሪያ፣ የቧንቧ መውጫ፣ የአቲኩ መግቢያ ክዳን፦ ቀዳዳው ያለው እነዚህ ጋ ነው። ስንጥቁ በማሸጊያ፣ ትንሹ ቀዳዳ በሚረጭ ፎም ይደፈናል። ሰፊው በጂፕሰም ወይም በፎም ሰሌዳ ቁራጭ ተሸፍኖ ዙሪያው ይታሸጋል። የጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን ፎም አይነካውም፤ እዚያ ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ ነው የሚገባው።

ተረት፦ ላስቲክ ከተዘረጋ እርጥበት ድርሽ አይልም።

እውነታ፦ እርጥበቱን ተሸክሞ የሚወጣው በዋናነት አየር ነው። በቀዝቃዛ አገር ለሚሠራ ቤት የወጣ፣ በግንባታ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ስሌት አለ። አራት በስምንት ጫማ በሆነ ጂፕሰም ሰሌዳ በኩል በአንድ የብርድ ወቅት ሰርጎ የሚያልፈው እንፋሎት 0.3 ሊትር ያህል ውሃ ነው። በዚያው ሰሌዳ ላይ አንድ ካሬ ኢንች ቀዳዳ ቢኖር ግን አየሩ 28 ሊትር ያህል ይዞ ይወጣል። የእኛ ማድቤት ደግሞ እንፋሎት አያጣውም፤ ሽንኩርቱ ለሰዓታት ይቁላላል፣ ሽሮው ይንተከተካል። የቤቱ ሙቀት 21 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 40 በመቶ ቢሆን እንኳ ያ አየር ወደ 7 ዲግሪ የወረደ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። የጥር ወር የሚኒያፖሊስ ጣሪያ እንጨት ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል።

ላስቲኩ ቦታ ካለው ቦታው ከመከላከያው በታች፣ በሞቃቱ በኩል ነው። ከላይ የዘረጋው ሰው እርጥበቱን እዚያው አፍኖታል። ወረቀት የለበሰ ፋይበርግላስም ወረቀቱ ወደ ታች ይሁን፤ በአሮጌው ላይ የሚደረበው ደግሞ ወረቀት የሌለው ነው። ሂዩስተን ያለ ዘመድዎ ይህን አንብቦ ላስቲክ እንዳይዘረጋ ይንገሩት። እዚያ ብዙውን ዓመት እርጥበቱ የሚመጣው ከውጭ ነውና በአየር ማቀዝቀዣው የቀዘቀዘው ላስቲክ ላይ ውሃ ይይዛል።

ተረት፦ የጣሪያውን ጠርዝ መተንፈሻዎች መድፈን ቤቱን ያሞቃል።

እውነታ፦ አቲኩ መቀዝቀዝ አለበት። ከሞቀ በረዶው ከሥር ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ሲደርስ እንደገና ይጋገራል፤ ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ በሺንግሉ ሥር ሰርጎ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ መከላከያው ጠርዙን እንዳይደፍን የአየር መተላለፊያ ሰሌዳ ይገጠማል። የመታጠቢያ ቤት ፋንም አየሩን አቲክ ውስጥ ሳይሆን በቱቦ ወደ ውጭ ይልቀቅ።

ተረት፦ ውዱ ምርጡ ነው።

እውነታ፦ ለአቲክ ወለል እኔ የምመርጠው በቱቦ የሚነፋ ሴሉሎስ ነው፤ ተፈጭቶ እሳት እንዲቋቋም የታከመ የወረቀት ፍርፋሪ ነው። በኢንች አር (የሙቀት መከላከል አቅም መለኪያ) 3.5 አካባቢ ይሰጣል። የሚነፋው ፋይበርግላስ ወደ 2.5 ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጀምሮ ወደ ሰሜን መከላከያ ለሌለው አቲክ የሚመከረው አር 60 ነው፤ ያም በሴሉሎስ 17 ኢንች፣ በፋይበርግላስ 24 ኢንች ያህል ይሆናል። አንዳንዱ የሚረጭ ፎም በኢንች 6 ቢሰጥም ሰፊ ወለል ለማልበስ ዋጋው አያዋጣም።

አቲክ ላይ ሲወጡ ጠጠር የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ቡናማ ወይም ብርማ ፍርፋሪ ካገኙ ሳይነኩ ይውረዱ። ቨርሚኩላይት ይሆናል፤ አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የመጣው ሞንታና፣ ሊቢ ከሚገኘውና በ1990 ከተዘጋው ማዕድን ማውጫ ነው፤ አስቤስቶስ ተቀላቅሎበታል። እንዲሁም ጭሱን ያለ ፋን በራሱ የሚያወጣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለዎት፣ ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ጭሱ ወደ ቤት እንዳይመለስ በባለሙያ ያስለኩ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይኑር።