ሰማያዊዋን ፕላኔት እለፏት

ኤሊት ዴንጀረስ በተባለው የጠፈር ጌም ውስጥ ሕይወት ፍለጋ የሚወጣ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሰማያዊዋ ፕላኔት ነው። ውቅያኖስ አላት፣ ደመና አላት፣ ቁርጥ ምድርን! ግን አይታረፍባትም። ጌሙ መርከብ የሚያሳርፈው አየር በሌላቸው ወይም አየራቸው በሳሳ ዓለማት ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦዲሲ የተባለው ማስፋፊያ ወጥቶ በእግር መውረድ ስንጀምርም ያገኘነው አብዛኛው ሕይወት እዚያው፣ ከሳሳው አየር ሥር ነበር።

ሥራው ቀላል ነው፤ ከላይ ስካን ማድረግ፣ መውረድ፣ ከአንድ ዝርያ በተራራቁ ሦስት ቦታዎች ናሙና መውሰድ፣ መሸጥ። ሁለት ናሙና ይዘው ሌላ ዝርያ የሚነኩ ሰዎች የፊተኛው ሲሰረዝባቸው ያማርራሉ። ማስጠንቀቂያው እኮ ተጽፎላቸው ነበር!

እኔ የምወደው ሁሉም የሚንቀውን ባክቴሪየምን ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መልኩም በክረምት የሰነበተ እንጀራ የሚያወጣው ሻጋታ። መሬት ላይ ልጥፍ ስለሚል ከመርከብ ሆኖ ለመለየት ዓይን ያፈዝዛል። ግን አየሩን ይናገራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ብዙ ጊዜ አውራሰስ የተባለው ዝርያ ነው፤ ኒዮን ከሆነ አሲየስ፣ አርጎን ከሆነ ቬሲኩላ፣ አሞኒያ ከሆነ አልሲዮኒየም። ስለዚህ ገና ምሕዋር ላይ ሳለሁ የፕላኔቷን መረጃ ከፍቼ ስሙን እጠራለሁ። አንዳንዴ እሳተ ገሞራ ይገባና ሌላ ዝርያ አብቅሎ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ደስታዬ ይብሳል።

ሌሎቹ እንዲህ ቻይ አይደሉም። ሣር መሳዩ ቱሶክ ስበቱ ከምድር 0.27 እጥፍ ገደማ ካለፈ አይበቅልም፤ ቀለሙን ደግሞ የሚወስነው የኮከቡ ዓይነት ነው። ሁሉም የሚሻማበት ስትራተም ቴክቶኒካስ፣ 19,010,800 ክሬዲት የሚያወጣው፣ ብረት የበዛበት ዓለምና ከ165 ኬልቪን በላይ ሙቀት ይፈልጋል። 165 ኬልቪን ማለት ከዜሮ በታች 108 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እኛ ሰፈር «ሞቅ ያለች ፕላኔት» የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

አንድ ሌሊት ስትራተም በኪሴ ሞልቶ፣ ወደ መሸጫው ከመመለሴ በፊት ገደሏ ያማረች አንዲት ዓለም አየሁና ለማረፍ ተንደረደርኩ። መርከቤ እንደ ድንጋይ ወረደች። የሁለት ሳምንት ያልተሸጠ ናሙና አብሯት ጠፋ። ስበቷ እኮ ተጽፎልኝ ነበር።