ትኩሳቱ ሄዶ ጉልበቱ ሲቀር

ከኪሌሌሽዋ ወደ ናይሮቢ ትልልቅ ሆስፒታሎች መንገዱ አጭር ነው። ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልም ሆነ በፓርክላንድስ ያለው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይርቁም። ከተማዋ የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞችም አሏት፤ ኦሞንዲ ኦዮ በአዋቂዎች፣ አንጄላ ሚጎዋ በሕፃናት ሕክምና የታወቁ ናቸው። ሆኖም ትኩሳት እየተመላለሰ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ክሊኒክ ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። በሐበሻ ቤት ደግሞ ስሙ ቁርጥማት፣ ሪህ ወይም ግርሻ ይሆናል፤ ያበጠውን ጉልበት ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትም አለ። ግርሻ ቅማል የሚያስተላልፈው፣ በአንቲባዮቲክ የሚድን በሽታ ነው። እዚህ የማነሳው ትኩሳት ግን ከወላጆች በዘር የሚወረስ ነው፤ አንቲባዮቲክም አይነካውም።

የሕክምና ስሙ የሜዲትራኒያን የቤተሰብ ትኩሳት ነው። መንስኤው ኤም.ኢ.ኤፍ.ቪ. የተባለው ዘረመል መዛባት እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ለየብቻቸው ደርሰውበታል። ዘረመሉ ሲዛባ ፓይሪን የተባለው ፕሮቲን ጀርም በሌለበት ሰውነትን ያስቆጣል። ሕመምተኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በትኩሳት፣ በሆድ ወይም በደረት ሕመም ይሰቃያል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረበት ሰው ይነሣል። ቤተሰብንም ሐኪምንም የሚያዘናጋው ይህ ደኅና መምሰሉ ነው። ሳይታከም ከቆየ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ኩላሊት ውስጥ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ስቲቨን ጎልድፊንገር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ይህን ትኩሳት እንደሚከላከል ጻፉ። በ1986 የታተመ፣ ከ1,000 በላይ ሕሙማንን የተከታተለ የእስራኤል ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ ኩላሊትንም እንደሚጠብቅ አሳየ። ርካሽ፣ አሮጌና የታመነ መድኃኒት ነው።

ችግሩ ይህ እምነት ከልክ ሲያልፍ ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን የመገጣጠሚያ እብጠቱ በሳምንት ገደማ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከ100 ሕሙማን በ5 ገደማ ላይ ግን ትኩሳቱ ከተወ በኋላም ጉልበቱ ወይም ዳሌው እንዳበጠና እንደታመመ ወራት ይቆያል። ዳሌ ላይ ሲሆን ከሁሉ ይከፋል፤ የአጥንቱ ጫፍ እየተበላ ሰው ሠራሽ ዳሌ እስከ ማስገባት ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «ኮልቺሲን እየወሰድክ ነው፣ ታገሥ» ብሎ መመለስ፣ ወይም መጠኑን ብቻ እየጨመሩ መሄድ ስህተት ነው እላለሁ። ኮልቺሲን ለኩላሊት ሲባል መቀጠል አለበት፤ መገጣጠሚያው ግን የራሱን ሕክምና ይፈልጋል። የአውሮፓ የመገጣጠሚያ በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ይህንኑ ይላል። ኮልቺሲን ሳይቋረጥ ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል፤ ይህም ብግነትን የሚያረግቡ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፣ ወይም ባዮሎጂካል የሚባሉት ሊሆን ይችላል።

«ባዮሎጂካሉን ማን ይችለዋል?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። እንደ አናኪንራና ካናኪኑማብ ያሉት ባዮሎጂካሎች ለአብዛኛው የናይሮቢም የአዲስ አበባም ቤተሰብ የማይቀመሱ ናቸው። ነገር ግን መሰላሉ ከላይኛው እርከን አይጀምርም። ሜቶትሬክሴትና ሱልፋሳላዚን ከእነዚያ ጋር የማይወዳደር ዋጋ ያላቸው፣ ለሌላ የመገጣጠሚያ ብግነት በተለምዶ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ሜቶትሬክሴትን «የካንሰር መድኃኒት» ብለው የሚፈሩትም አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ግን በትንሽ መጠን በሳምንት አንድ ቀን ነው። የጉበትና የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፣ በእርግዝና ፈጽሞ አይወሰድም፤ በስህተት በየቀኑ መውሰድ ደግሞ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ኮልቺሲንም ቢሆን ክላሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲገናኝ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ፋርማሲ በቆሙ ቁጥር ኮልቺሲን እንደሚወስዱ መናገር ያስፈልጋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «ይህ የቱርክ፣ የአርመንና የዓረብ በሽታ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚለው ነው። በብዛት የሚታየው በእርግጥ በእነሱ ዘንድ ነው፤ ከአርመኖች ከ5 ሰው አንዱ ገደማ የተዛባውን ዘረመል ይሸከማል ይባላል። ዘር ግን ድንበር አይጠብቅም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች አርመኖች ነበሩ፤ የሐረር ነጋዴዎች ከየመን፣ የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻም ከዓረብ አገር ጋር ለዘመናት ተጋብተዋል። ናይሮቢ የእነዚህ ሁሉ መገናኛ ናት። ቢሆንም ጥንቃቄውን አልክድም። በእኛ አካባቢ ለወር ያበጠ አንድ ጉልበት ቲቢ ወይም ብሩሴላ ሊሆን ይችላል፤ የዳሌ ሕመምም ከሲክል ሴል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማንም ብግነት አጥፊ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ መመርመር፣ ቲቢም መጣራት አለበት። ይህ ግን ሕክምናውን በቅደም ተከተል ለመጀመር እንጂ ላለመጀመር ምክንያት አይደለም።

በቤታችሁ በየጊዜው የሚመላለስ ትኩሳት ያለበት ልጅ ካለ፣ የጀመረበትንና የተወበትን ቀን መዝግቡ፣ ያበጠውን መገጣጠሚያ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከዘመድ ማን እንዲህ እንደሚታመም፣ ማን በኩላሊት እንደሞተም ጠይቁ። እብጠቱ ወር ካለፈው ማሳሸቱን ትታችሁ ያንን ማስታወሻ ይዛችሁ ወደ መገጣጠሚያ ሐኪም ሂዱ።