የደጋው የመስታወት ኩሬ

የወሎ ደጋ ከተማዋ ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲጀምር ትንፋሹ ይነግረዋል። ዓሣም ውሃ ውስጥ ሆኖ ከዚህ እጥረት አያመልጥም፤ ውሃ የሚያሟሟው ኦክስጅን የሚወሰነው ከላዩ በተጫነው አየር ነውና። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ወረኢሉ ሲወጣ 6 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በአኳሪየም መጻሕፍት ላይ ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ እያሉ የሚደነግጉ ሰዎች አብዛኞቹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተቀምጠው የጻፉ ናቸው፤ ምክራቸው እንደ መካነ ሰላም ወይም ወረኢሉ ያለ ደጋ ሲደርስ መቀነስ አለበት።

ብርዱ በከፊል ይክሳል። ውሃው 18 ዲግሪ ላይ ከቆየ በዚያው ከፍታ 6.8 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በደጋ ውሃውን በማሞቂያ አሙቆ የሞቃት አገር ዓሣ ማኖር ሁለት ጊዜ ኦክስጅን መቀማት ነው። ብርድ የሚችለው ጎልድፊሽ ይሻላል እንዳይባል፣ እሱ ደግሞ ተክል ይነቅላል፣ ለስላሳ ቅጠል አይምርም። በእኔ አስተያየት የደጋ አኳሪየም መጀመሪያ የተክል ቤት መሆን አለበት፤ ዓሣው ጥቂት፣ ትንንሽና ዘግይቶ የሚገባ እንግዳ ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ይህ ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕይወቱ በፓምፕ ላይ የተንጠለጠለ ገንዳ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል፤ ተክል የበዛበትና ዓሣ ያነሰበት ግን ያለ ፓምፕ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

ተክልና ዓሣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ በሙከራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ይፋ ባደረገው ሥራ ሁለት ትንንሽ ጎልድፊሾችን ቫሊስኔሪያ ከተባለ ረዥም ቅጠል ካለው የውሃ ሣር ጋር በአንድ ዕቃ አኖረ። ጥቂት እንደቆየ የሣሩ አሮጌ ቅጠሎች መበስበስና ውሃውን ማደፍረስ ጀመሩ። ዋሪንግተን የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረ፤ እነሱ የበሰበሰውን ሲበሉ ውሃው ጠራ። ዛሬም አኳሪየም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በር ነው፤ ሳይለቀም በቀረ የሞተ ቅጠል። ቫሊስኔሪያ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ውሃ ውስጥ ይበቅላል፤ ሥር የሌለው ሴራቶፊለምም አብሮት አለ። ሁለቱም ለደጋ ገንዳ ጥሩ ናቸው የምለው በምክንያት ነው።

ምክንያቱ ካርቦን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በአየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። በዚያ ላይ ቀጭኑ አየር ኦክስጅንን እንደቀነሰ ሁሉ ወደ ውሃ የሚገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የውሃ ውስጥ ተክል ሁልጊዜ የካርቦን ረኀብተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ግን ሌላ ቀለብ አላቸው፤ በውሃው የሟሟውን ባይካርቦኔት መጠቀም ይችላሉ። ጠንከር ባለ ውሃ ውስጥ ቅጠላቸው ላይ ነጭ ቅርፊት ቢታይ በሽታ አይደለም፤ ባይካርቦኔቱን ሲወስዱ የቀረው ኖራ ነው። ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አብላልቶ ጋዙን በቱቦ ወደ ገንዳ የሚልክም አለ። ይሠራል፤ ግን ማብላላቱ ሌሊት አይቆምም። ሌሊት ደግሞ ተክሉ ራሱ ኦክስጅን ተንፋሽ ስለሚሆን ዓሣው ጎህ ሳይቀድ ውሃው ፊት ላይ አፉን ከፍቶ ሊገኝ ይችላል። በወረኢሉ ከፍታ እኔ ይህን አልመክርም።

አሮጌ ገንዳ እንደገና ሲተከል አደጋው ያለው ከታች ባለው አፈርና በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለዓሣ መርዝ ናቸው፣ ናይትሬት እጅግ ይቀላል። ሥራው ለሁለት የባክቴሪያ ወገኖች የተከፈለ ነው ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ ተምረናል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሁለቱንም እርምጃ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ እንዳለ አሳዩ። አንደኛው ቡድን ያገኘው ከዓሣ ማርቢያ የውሃ ማጣሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዝግ ብለው ነው የሚባዙት። በሞቀ ገንዳ እንኳ ለመጽናት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በደጋ ብርድ ከዚያም ይዘገያሉ። ስፖንጁን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውሃ አጥቦ ንጹሕ አደረግሁት የሚል ሰው የወራት ሥራ አፍስሷል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። የሚጨመረውም የቧንቧ ውሃ አፉ በሰፋ ባልዲ ተከፍቶ ሲያድር ተራው ክሎሪን ይወጣል፤ ክሎራሚን ከሆነ ግን በማደር ብቻ አይለቅም።

ተክሉ እዚህም ይገባል። ብዙ የውሃ ተክሎች ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን፣ ይኸውም አሞኒያ በውሃ ውስጥ የሚይዘውን ሌላ መልክ፣ አስቀድመው ይወስዳሉ፤ ባክቴሪያው እስኪጸና ድረስ ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነባሩን ተክል ሁሉ በአንድ ቀን መንቀል አይገባም። ግማሹ ተነቅሎ ሌላው ግማሽ ሥራ ላይ ይቆያል፤ ዓሣውም ለዚያ ቀን በሌላ ዕቃ ይቀመጣል፤ ከታች ያለው ሲታወክ የታመቀው አሞኒየም ወደ ውሃው ይወጣልና። አሞኒየም ብዙ ጉዳት የለውም፤ ክፉው አሞኒያ ነው፤ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስኑት ደግሞ በፒኤች የሚለካው የውሃው አሲዳማነትና ሙቀቱ ናቸው። ፒኤች 8 በሆነ 25 ዲግሪ ውሃ ከሁለቱ ድምር 5 በመቶ ያህሉ አሞኒያ ይሆናል፤ በ15 ዲግሪ ግን የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ብርዱ እዚህም ለባለገንዳው ያደላል።

አዲስ የተተከለ ተክል ቅጠሉን ሲያረግፍ ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል። አትክልተኞች ብዙውን የአኳሪየም ተክል የሚያባዙት ከውሃ ውጭ፣ በእርጥብ አየር ነው። ለአየር የበቀለ ቅጠል ውሃ ውስጥ አይሠራም፤ ተክሉ ያንን አሟሙቶ ለውሃ የሚሆን ቀጭን ቅጠል ያወጣል። ሥሩና እምብርቱ ጠንካራ ከሆኑ ትዕግሥት ይበቃል፤ የረገፈውን መልቀም ብቻ ነው። እንደ አኑቢያስ ያሉት አግዳሚ ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ በድንጋይ ላይ በክር ይታሰራሉ። ድንጋዩስ? የደጋው ጥቁር ባዛልት ውሃውን አይለውጥም። ከአባይ ገባሮች ሸለቆ የመጣ ነጣ ያለ ድንጋይ ግን የኖራ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ካረፋ ውሃውን ያጠነክራል።

አፈርን በተመለከተ አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ተራ አፈርን ከአሸዋ በታች ማንጠፍ እንደሚቻል አስረድታለች። የደጋው መረሬ በዚህ ያስመካል፤ ሸክላው አሞኒየምና ፖታሲየም አጥብቆ ይይዛል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲነካ ውሃውን ለቀናት ያደፈርሳል። ስለዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ፣ ከላዩ የታጠበ አሸዋ፣ ፍግ ሳይቀላቀልበት። ከአሸዋው ውስጥ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከመጣ አፈሩ በዝቷል፣ አየርም አጥቷል ማለት ነው። መብራቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃዋል፤ ገንዳው ቀጥታ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ከሆነ አልጌ ይቀድማል።

አልጌ ሲነግሥ ምን እንደሚመስል ለማየት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን፣ ሐይቅ የተባለውን ሐይቅ ማሰብ ይበቃል። በ1938 እ.ኤ.አ. የለኩት ጣሊያኖች ወደ ውሃው የሰደዱት ነጭ ሳህን እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ይታያቸው ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን ይህ ጥራት ከአንድ ሜትር ብዙ ወደማይርቅ ወርዶ ነበር። በመሃሉ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀረሶ ማለትም ቲላፒያ ተጨምሯል። አልጌን የሚግጡትን ጥቃቅን እንስሳት ዓሣ ከበላቸው አልጌው ከልካይ ያጣል። ጥፋቱን ሁሉ በዓሣው ላይ መጫን አይገባም፤ ከተራቆተ ዳገት የሚወርድ አፈርም ማዳበሪያ ይዞ ነው የሚገባው። ባለገንዳም የሚቆጣጠረው እነዚህኑ ሁለቱን ነው፤ የዓሣውን ቁጥርና ወደ ውሃው የሚገባውን ምግብ። በሳምንት አንድ አራተኛውን ውሃ መቀየር፣ ዓሣው በሁለት ደቂቃ ከሚጨርሰው በላይ አለመመገብ።

ተክሉ ከጸና በኋላ መከርከም የማያቋርጥ ሥራ ይሆናል፤ የተከረከመው ደግሞ ወደ ወንዝ አይጣልም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት በየኩሬው እየተተከለ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፣ በ2011 ጣና ደረሰ። ከወረኢሉ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጅረት መድረሻው አባይ ነው። ሴራቶፊለም ከተቆረጠ ቁራጭ ብቻ አዲስ ሆኖ ይበቅላል፤ ስለዚህ ፍርክስክስ እስኪል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከጓሮው ጎመን ሥር ቢገባ ይሻላል።